ኮምፕሬሰር ስትገዙ ሰዓት ያዙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ በየግቢያችን እየበዛ ስለመጣው የንፋስ ኮምፕሬሰር፣ አየር በፓምፕ አምቆ ታንከር ውስጥ ስለሚያከማቸው ማሽን ነው። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን እያጣበት ነው፤ ሲብስም አካል ያጎድላል። ቦታ ብትሰጡት ደስ ይለኛል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ኮምፕሬሰር ቤት ውስጥ ነው። አሁን ለቡ አካባቢ በግቢያችን ጥግ አንዲት ቆርቆሮ የለበሰች መሥሪያ ቦታ አለችኝ። የኔን አሮጌ ኮሮላና የልጄን ቪትዝ እዚያው እንንከባከባለን። ልጄ ጎማዋን ራሷ ትፈታለች፣ ራሷ ታስራለች። ጎረቤትም አንዳንድ ነገር ሲቸግረው ብቅ ይላል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ያለችውን መኪና ጠበቅ አድርጎ ይዟል። የጋራዥ ዋጋም አልቀመስ ብሏል። ስለዚህ ብዙ ሰው ክሪክ፣ የመፍቻ ሳጥንና ኮምፕሬሰር እየገዛ በግቢው መሥራት ጀምሯል። እኔ ይህን እደግፋለሁ። በእጁ የሚሠራ ሰው መኪናውን ያውቃታል። የሚያሳዝነኝ ግዢው ላይ የሚሆነው ነው።

ገዢው መርካቶ ሱቅ ይገባና መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሊትር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩ «ሃምሳ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ፈረስ ጉልበት?» ይባላል። ዋጋ ይቆረጣል፣ ዕቃው ይጫናል። ዋናው ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀረ ማለት ነው።

ታንከሩ ጣራ ላይ እንደምንሰቅለው ሮቶ ነው። መስመሩ ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ሮቶውን ማተለቅ ውሃ አይጨምርም። ውሃው የሚያልቅበትን ሰዓት ያዘገያል፣ መልሶ ለመሙላትም ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። በኮምፕሬሰርም የሚወስነው ፓምፑ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል የሚለው ነው።

እዚህም ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፓምፑ የሚስበው አየር ነው። የሚሰጠው ያንሳል። በትንንሾቹ ባለ ፒስተን ኮምፕሬሰሮች የሚሰጠው ከሚስበው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህል ነው። «200 ሊትር በደቂቃ» የተባለው ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር 130 ሊትር ከሰጠ ጎበዝ ነው።

እሱም ቢሆን ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፓምፑ በእያንዳንዱ ምት ያንኑ መጠን ይስባል፤ የሚስበው አየር ግን ስስ ነው። ያ 130 ሊትር እዚህ 100 አይሞላም። ሌላም አለ። የታንከሩ ግፊት 8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ለመድረስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለ ኮምፕሬሰር አየሩን ወደ 9 እጥፍ ያምቀዋል። የእኛው ከ11 እጥፍ በላይ ማመቅ አለበት። ስለዚህ ፓምፑ የበለጠ ይግላል፤ ሞተሩም ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ይብስባችኋል። ድሬዳዋ ያላችሁ በዚህ ረገድ ይቀላችኋል፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ፈተና ነው።

ይህን የሚነግር ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ጎረቤቴ ወጣት አለ። ባትላሜራ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው። ከቅጥር ወጥቶ በወላጆቹ ግቢ መኪና ቀለም መቀባት ሊጀምር አንድ መቶ ሊትር ኮምፕሬሰር ገዛ። «ለቀለም ይበቃል» ብለውት ነው። የመጀመሪያው ሥራው የአንድ መኪና ኮፈን ነበር። ግማሹ ላይ ሲደርስ ግፊቱ ወረደ፣ ቀለሙ በነጠብጣብ ይወጣ ጀመር። ቆሞ ጠበቀ፣ ደግሞ ቀጠለ። ኮፈኑ ላይ የቆመበት መስመር ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጁ ሙያው ጎድሎት አይደለም። የቀለም ሽጉጥ እንደ ዓይነቱ በደቂቃ ከ200 እስከ 350 ሊትር አየር ይፈልጋል። የእሱ ፓምፕ እዚህ ከፍታ ላይ የሚሰጠው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ታንከሩ ያቆየው ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ስለዚህ ከኮምፕሬሰሩ በፊት ሥራችሁን ቁጠሩ። ጎማ መንፋትና ፊልትሮ ማራገፍ ከሆነ ትንሹም ይበቃል። የጎማ ቡሎን በኢምፓክት፣ ማለትም እየመታ በሚፈታው መሣሪያ፣ መፍታትም በ50 ሊትር ታንከር ይሆናል፤ ኢምፓክት ቡሎኑን በሰከንዶች ፈትቶ ያርፋልና በመሃል ፓምፑ ይደርስበታል። ስቱኮ የሚፍቀው የአየር ሳንደር ግን ሌላ ነው። ሳያርፍ ይበላል፤ በደቂቃ ከ250 ሊትር በላይ የሚፈልገው ብዙ ነው። ለእሱና ለቀለም ባለ ቺንጋ፣ ባለ ሁለት ፒስተን፣ ቢቻል በስሪ ፌዝ የሚሠራ ፓምፕ ያስፈልጋል። ያን ያህል አቅም የሌለው ሰው የመብራት ሳንደር ቢገዛ ይሻለዋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ጎማ ለሚቀይር ሰው ደግሞ በባትሪ የሚሠራ ኢምፓክትና ከመኪናው ባትሪ የሚሰካ ትንሽ መንፊያ ከበቂ በላይ ነው። ኮምፕሬሰር አይግዛ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ። ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ የምትሠሩት ነገር አለ። ኮምፕሬሰሩን አስነሡ። የታንከሩ ጌጅ (የግፊት ማሳያው) 4 ባር ሲደርስ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 8 ባር ሲደርስ አቁሙ። በመካከሉ አየር አይውጣ። የታንከሩን ሊትር በ4 አባዙት፣ ባወጣው ደቂቃ አካፍሉት። 50 ሊትር ታንከር ከሆነ 50 በ4 ሲባዛ 200 ነው። 2 ደቂቃ ከፈጀ በደቂቃ 100 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። 3 ደቂቃ ከፈጀ 67 ሊትር ነው። ከፍታው እዚሁ ሒሳብ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላ መቀነስ አያስፈልግም። አየሩ ሲታመቅ ስለሚሞቅ ውጤቱ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም። ሻጩ «መብራት የለም» ካለ መብራት ሲመጣ ተመለሱ።

ያገኛችሁትን ደቂቃ በማይጠፋ እስክርቢቶ ታንከሩ ላይ ጻፉት። በየጥቂት ወሩ እንደገና ለኩ። ደቂቃው እየረዘመ ከሄደ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ተመልከቱ። እሱ ንጹሕ ከሆነ መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ቀብታችሁ አረፋ ፈልጉ። እዚያም ከሌለ የፓምፑ ቫልቮች ወይም የፒስተኑ ፋሻ ነው። ፋብሪካ እያለን የፓምፕ ጤንነት የምናውቀው በዚሁ መንገድ ነበር። ለትንሹም ለትልቁም ይሠራል።

ያገለገለ ዕቃ ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ምናለሽ ተራ ጥሩ ዕቃ ይገኛል፣ እኔም ከዚያ ገዝቼ አውቃለሁ። ነገር ግን አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ታንከር አትመኑ። በታንከሩ ጎን የተለጠፈች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። የተሠራበት ዓመት፣ የሚይዘው መጠንና የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እዚያ ላይ አለ። ቆርቆሮዋ ከተነቀለች ወይም በቀለም ከተሸፈነች አትግዙ። ከታች ያለውን የውሃ ማፍሰሻ አስፈትታችሁ በባትሪ ውስጡን እዩ። ዝገት ቅርፊት ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ ጥላችሁት ሂዱ።

ይህ ነገር የምጽፍበት ዋና ምክንያት ነውና ትንሽ ልቆይበት።

አየር ሲታመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ሆኖ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ አንድ ትንሽ ኮምፕሬሰር አንድ ሰዓት ሙሉ ቢሠራ ወደ አንድ የቡና ሲኒ የሚጠጋ ውሃ ያወጣል። ከፊሉ በቱቦው ይሄዳል፣ ቀሪው ታንከሩ ሆድ ውስጥ ይተኛል። ካላፈሰሳችሁት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ታንከሩ ያብረቀርቃል። ከውስጥ ግን ታችኛው ክፍል እየሳሳ ነው። ሲሳሳ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። 8 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 8 ኪሎ የሚያህል ጫና ነው። ያ ታንከር ሲቀደድ ቆርቆሮው እንደ ቦምብ ፍንጣሪ ይበተናል።

መከላከያው ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሥራ ስትጨርሱ መብራቱን አጥፉ። ግፊቱ ወደ 1 ባር ገደማ እስኪወርድ አየሩን አውጡ። ከዚያ የታችኛውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ውሃውን በቀረው ግፊት አስወጡት። ማፍሰሻውን እስከሚቀጥለው ሥራ ክፍት አድርጋችሁት እደሩ። የሚወጣውን ውሃ እዩት። ቡናማ ከሆነ ዝገቱ ጀምሯል። አንዳንዱ ማፍሰሻ ከታንከሩ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ ለእጅ አይመችም። የመዳብ ቱቦና ትንሽ ቧንቧ አስቀጥላችሁ ወደ ጎን አውጡት። ሥራው ከቀለለ ይሠራል፤ ካስቸገረ ይተዋል።

ታንከር ከበሳ አይበየድም። በየሰፈሩ «እበይድልሃለሁ» የሚል አይጠፋም፤ ጥሩ በያጅም ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ቦታ የበሳ ታንከር ዙሪያው ሁሉ ሳስቷል። ብየዳው ቀዳዳውን ይደፍናል፣ የሳሳውን ብረት አያወፍርም። ፓምፑንና ሞተሩን አውርዳችሁ ሌላ ታንከር ላይ አስቀምጧቸው። የታንከር ጥንካሬ የሚፈተነውም በውሃ ነው። ታንከሩ እስከ አፉ በውሃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሰጠዋል፤ ቢቀደድ ውሃው ይፈሳል እንጂ አይፈነዳም። በአየር የሚፈትን ሰው ካያችሁ ራቁ።

ግፊት ሲበዛ አየር የሚያስወጣውን ሴፍቲ ቫልቭ በየወሩ ቀለበቷን ሳብ አድርጋችሁ ተንፍሶ መዘጋቱን እዩ። አየር ያባክናል ብለው ነቅለው በቡሎን የሚደፍኑ አሉ። እለምናችኋለሁ፣ ይህን የሚያደርግ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት። የአየር መስመር ግድግዳ ላይ ለመዘርጋት የፒቪሲ የውሃ ቧንቧ የሚጠቀሙም አሉ። ፒቪሲ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ሲፈነዳ ስለት ሆኖ ይበራል። የብረት ቧንቧ ወይም ደህና የአየር ቱቦ ተጠቀሙ።

ስለ መብራት ባጭሩ። የኮምፕሬሰር ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ ጅረት ይስባል። ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ከሰካችሁት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ሞተሩ እያቃሰተ ይግላል፣ ሞተሩን የሚያስነሣው ካፓሲተርም ይቃጠላል። የሠፈራችን መብራት ራሱ ማታ ማታ ይደክማል፣ ሌላ ሸክም አትጨምሩበት። ለብቻው ብሬከር ያለው መስመር፣ ሽቦው ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ አዘርጉ። ሩቅ መሥራት ከፈለጋችሁ የምታስረዝሙት የአየር ቱቦውን ነው እንጂ የመብራት ገመዱን አይደለም። ኮምፕሬሰሩ ሲቆም «ጽስስ» የሚል አጭር ድምፅ ካላሰማ የፓምፑ ራስ ላይ ያለው ግፊት አልተለቀቀም ማለት ነው። በቀጣዩ ማስነሣት ሞተሩ ከታመቀ አየር ጋር ይታገላል። ቶሎ አሠሩት።

ዘይት ያለው ፓምፕ የኮምፕሬሰር ዘይት ይደረግለት። የሞተር ዘይት የሚያደርጉ አሉ። በውስጡ ያለው ማጽጃ ቅመም በፓምፑ ሙቀት ከሰል ሆኖ ቫልቮቹ ላይ ይጋገራል። አዲስ ፓምፕ የመጀመሪያ ዘይቱ ቶሎ ይቀየር፤ የብረት ብናኝ ይኖርበታል። ዘይቱ ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ፊልትሮውን በበጋ አቧራ ጊዜ ቶሎ ቶሎ አራግፉ። ኮምፕሬሰሩን ስቱኮ ከምትፍቁበት ቦታ አርቁት፣ ከግድግዳም ክንድ ያህል አስለቅቁት።

ወደ መሣሪያዎቹ ስንመጣ፣ ኢምፓክት ከመሥራቱ በፊት ጥቂት ጠብታ የአየር መሣሪያ ዘይት በአየር መግቢያው ይፈልጋል። ያለ ዘይት የሚሠራ ኢምፓክት ውስጡ ይደርቃል፣ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ከዚያ «ቻይና ነው» ተብሎ ይጣላል። የቀለም ሽጉጥ ግን በተቃራኒው ዘይት ጠላቱ ነው። ለሁለቱ አንድ ቱቦ አትጠቀሙ። ለቀለሙ ቱቦ የውሃ ማጣሪያ ከፓምፑ ራቅ አድርጋችሁ ግጠሙ፤ አየሩ ቀዝቅዞ ውሃው የሚለየው ራቅ ሲል ነው።

በኢምፓክት ላይ የሚገጠመው ራስ ጥቁሩ፣ ለኢምፓክት የተሠራው ይሁን። የሚያብረቀርቀው የእጅ ቁልፍ ራስ በምቱ ይሰነጠቃል፣ ፍንጣሪውም ዓይን ያጠፋል። ቡሎን ለመፍታት ኢምፓክት ጥሩ ነው። ለማጥበቅ ግን በእጅ ጀምሩ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ጨርሱ። የኮሮላ የጎማ ቡሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። በኢምፓክት እስኪጮህ የታሰረ ቡሎን ጥርሱ ይበላሻል፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ በትንሽ መፍቻ የምትታገል ሴት ልጅ ትፍታው ቢባል እንዴት ትፍታው? ጎማ ቤቶችም ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

አንድ በጣም የሚያስጨንቀኝ ነገር ቀርቷል። ጎማ ቤት ያሉ ልጆች ማታ ሥራ ሲጨርሱ በንፋስ ሽጉጡ ልብሳቸውን፣ ፀጉራቸውን፣ አንዳንዴም እርስ በርስ ይነፋሉ። ይስቃሉ። የታመቀ አየር ቁስል ካገኘ ከቆዳ ሥር ይገባል፣ የዓይን ብሌን ይጎዳል፣ የጆሮ ታምቡር ይበሳል። በቀልድ ሰውነት ላይ የተደቀነ ሽጉጥ አንጀት ቀዶ ሰው ገድሏል፤ በብዙ አገር የታወቀ አደጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጽዳት የሚውል አየር ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ካለ እንዳያልፍ በሕግ ተወስኗል፤ የዓይን መነጽርም ግዴታ ነው። የእኛ ልጆች በ8 ባር ነው የሚጫወቱት። አሠሪዎች ሆይ፣ እነዚህ የሰው ልጆች አደራዎቻችሁ ናቸው። አንድ መጥረጊያና አንድ መነጽር ግዙላቸው።

ኮምፕሬሰር ለሚያስመጡ ነጋዴዎችም ልመና አለኝ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ አንድ ገጽ የአማርኛ ወረቀት ለጥፉ። በደቂቃ የሚሰጠው አየር፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ስንት እንደሚሆን፣ የሚፈልገው ዘይት፣ ውሃው መቼና እንዴት እንደሚፈስ ይጻፍበት። ወጪው ከፎቶ ኮፒ አይበልጥም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ መምህራንም ያን የ4 እና የ8 ባር ልኬት ተማሪዎቹን ቢያሠሩ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

ጎረቤቴ ወጣቱ ፓምፑን ሸጦ ባለ ሁለት ፒስተን ገዝቷል፤ መቶ ሊትሩን ታንከር ውስጡን አይተን ደህና ሆኖ ስላገኘነው እሱኑ አስቀርተነዋል። ጥያቄ ያለው አንባቢ በጋዜጣው በኩል ቢጽፍ የማውቀውን ሁሉ እመልሳለሁ። የኮምፕሬሰሩን የታንከር መጠንና ከ4 እስከ 8 ባር የፈጀውን ደቂቃ አብሮ ቢልክልኝ መልሱ ይቀለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ፣ ከለቡ